የዕፅዋት ቺዝ ልሥራ? ለአንዲት ቺዝ ሠሪ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ። ከላም ወተት ቺዝ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ ትንሽ ነው፤ እኔና ሁለት ሠራተኞች ብቻ ነን። ሰሞኑን ደንበኞቼ ከዕፅዋት የተሠራ ቺዝ የለሽም ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። ገበያው እያደገ ነው ሲባልም እሰማለሁ። በኮኮናት ዘይትና በስታርች ሞከርኩ። ፍሪጅ ውስጥ እያለ ያምራል፤ ምድጃ ሲገባ ግን ወይ ዘይቱ ይለያል ወይ እንደ ሙጫ ይሆናል። በካሹ ለውዝም ሞከርኩ። ይጣፍጣል፤ ግን ቺዝ ነው ለማለት አፌ አልደፈረም። ገበያው የእውነት ነው? ልግባበት ካልኩስ በየት በኩል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ አንድ ነገር ደስ አለኝ። ከመጠየቅሽ በፊት ሞክረሻል። አብዛኛው ሰው የሚጽፍልኝ ማሽን ከገዛ በኋላ ነው።

በገበያው ልጀምር። «የወተት ተተኪዎች ገበያ እያደገ ነው» የሚለው ወሬ ውሸት አይደለም። ችግሩ ወተቱንና ቺዙን አንድ ከረጢት ውስጥ ከትቶ መቁጠሩ ነው። የአሜሪካን የችርቻሮ ገበያ እንይ፤ በደንብ ስለሚቆጠር ነው የማነሣው። እዚያ ሰው ለወተት ከሚያወጣው ገንዘብ ከመቶው 15 ያህሉ ለአጃ፣ ለአልሞንድ፣ ለአኩሪ አተርና ለመሰሎቻቸው ይሄዳል። ለቺዝ ከሚያወጣው ግን የዕፅዋቱ ድርሻ ከመቶው 1 ገደማ ነው። ሱቁ ያው ነው፣ ገዢውም ያው ነው።

ለምን እንዲህ ተራራቁ? የወተቱ ፈተና ቀላል ስለሆነ ነው። ነጭ ከሆነ፣ ትንሽ ጣፈጥ ካለና ቡና ላይ ሲፈስስ ካልተቋጠረ አለፈ። የአጃ ወተት ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ስዊድን ውስጥ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሪካርድ ኦስቴ የሚባል ተመራማሪ የአጃን ስታርች በኢንዛይም ቆራርጦ ጣፋጭና ቀጭን መጠጥ አወጣ። ኩባንያው ኦትሊ በ1994 ተመሠረተ (ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው)። ለረጅም ጊዜ ብዙም የሚያውቀው አልነበረም። ነገሩ የተለወጠው በቡና ቤቶች በኩል መግባት ሲጀምር ነው። ለቡና የሚሆነው ዓይነት የቡናውን አሲድ የሚያበርድ የፎስፌት ጨው ይገባበታል፤ ስለዚህ አይቋጠርም፣ አረፋም ይሠራል። ደንበኛው አንድም ነገር መልመድ አላስፈለገውም። ቡናው ያው ቡና ነው።

በግንቦት 2021 ኦትሊ አክሲዮኑን በ17 ዶላር ለሕዝብ ሸጠ። ያኔ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ። ከዚያ አክሲዮኑ ከዋጋው ከ90 በመቶ በላይ አጣ። መጠጡ ግን አሁንም በየቡና ቤቱ አለ። ይህን የምነግርሽ ሰው «ገበያው ፈነዳ» ወይም «ገበያው ሞተ» ሲልሽ የትኛውን እንደሚያወራ እንድትጠይቂ ነው። የባለሀብቱ ገበያ አለ፣ የበላተኛውም አለ። አንዳንዴ ጭራሽ አይተዋወቁም።

ወደ ቺዙ ስንመጣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ገብተውበታል። ከካሳቫ ስታርች ቺዝ ይሠራ የነበረውን የካናዳውን ዳያ በ2017 የጃፓኑ ኦትሱካ የተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ገዛው። የግሪኩን ቫዮላይፍ በ2020 የማርጋሪን ሠሪው አፕፊልድ ወሰደው። የፈረንሳዩ ቤል እንኳ ቤቢቤልን ከዕፅዋት አውጥቷል። ታዲያ ገንዘብም፣ ማስታወቂያም፣ መደርደሪያም ከነበረ ድርሻው ለምን 1 በመቶ ላይ ቀረ? ሰው አንዴ ስለሚገዛና ስለማይመለስ። ለማወቅ ጉጉት ይገዛል፣ ፒዛው ላይ ያደርጋል፣ ይቀምሳል፣ በቃ። በእኔ ዕይታ የዚህ ገበያ ዋና በሽታ ይህ ነው። ገዢ አልጠፋም፤ ተመላላሽ ነው የጠፋው።

ምድጃው ላይ የገጠመሽም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወደምታውቂው የላም ወተት እንመለስ። በወተት ውስጥ ካለው ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ ኬሲን ነው። የቀረው ከአጓቱ ጋር ይወጣል። ኬሲን በካልሲየምና በፎስፌት ተያይዞ፣ በዓይን የማይታይ ድቡልቡል ሆኖ ነው ወተቱ ውስጥ የሚንሳፈፈው። ላዩ ላይ ካፓ ኬሲን የሚባለው እንደ ፀጉር ወጣ ወጣ ብሎ ድቡልቡሎቹ እንዳይጣበቁ ይከላከላል። ሬኔት (ወተት የሚያረጋውን ኢንዛይም) ስትጨምሪ ያን ፀጉር ላጨሽው ማለት ነው። ድቡልቡሎቹ ይያያዛሉ፣ ወተቱ ይረጋል። ይህን በእጅሽ በየቀኑ ታደርጊዋለሽ።

ዋናው ጉዳይ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኬሲን ጥብቅ ብሎ የተጠቀለለ ቅርጽ የለውም፤ ልል ነው። ስለዚህ ሙቀት የሚያፈርስበት ብዙ ነገር የለም። ቺዙ ሲሞቅ ስቡ ይቀልጣል፣ በኬሲኖቹ መካከል ያለው ትስስር ይላላል፣ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ግን አይለቅም። ሞዛሬላ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ ይጨምራል) ከ5.2 እስከ 5.4 ሲሆን እንደ ክር የሚሳበው አሲዱ ካልሲየሙን በልኩ ስለቀነሰለት ነው።

የአኩሪ አተርና የአተር ፕሮቲን ጠባይ ሌላ ነው። ጥቅልል ብሎ የተዘጋ ነው። ሲሞቅ ይፈታል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይተበተባል፣ በዚያው ይደርቃል። እንቁላልን አስቢ። የተቀቀለ እንቁላል መልሰሽ ብታሞቂው አይቀልጥም፤ ይባስ ይጠነክራል። በእነዚህ ፕሮቲኖች ብቻ የሚቀልጥ ቺዝ መሥራት ማለት የተቀቀለ እንቁላል ለማቅለጥ መሞከር ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ኢንዱስትሪው ምን አደረገ? ፕሮቲኑን ዘለለው። መደርደሪያ ላይ ያለውን የአብዛኛውን ቺዝ ጀርባ ገልብጠሽ ብታነቢ ውሃ፣ የኮኮናት ዘይት፣ ስታርች፣ ጨው፣ ማጣፈጫና ቀለም ነው። አንቺም የሠራሽው ይህንኑ ነው። መጥፎ መንገድ አይደለም፤ ግን የራሱ ሕግ አለው።

ዘይቱ የተለየው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛ፣ የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ አካባቢ ላይ በአንዴ ይቀልጣል። የወተት ስብ ቀስ በቀስ ነው የሚላላው፤ ይሄኛው ግን ጠጣር ነበር፣ ወዲያው ውሃ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ለላም ወተት የምትጠቀሚበት ቀስ ብሎ የሚዞር ማማሰያ ዘይቱን በበቂ አያደቅቀውም። የዘይቱ ጠብታ ትልቅ ከሆነ ሲሞቅ ከጎኑ ካለው ጋር ይገናኝና ወንዝ ይሆናል። በኃይል የሚፈጭ ማዋሃጃ ያስፈልግሻል። ስታርቹም ተራ ስታርች ሳይሆን ዘይት እንዲይዝ ተደርጎ የተሻሻለው ዓይነት ቢሆን ይሻላል። ስታርች አቅራቢሽን «ዘይት የሚይዝ» ብለሽ ጠይቂው፤ ያውቀዋል።

ሙጫ የሆነው ደግሞ ስታርቹ በዝቶ ነው፣ ወይም የካሳቫ ስታርች ብቻውን ገብቶ ነው። ካሳቫ ይሳባል፤ ግን ጥርስ ላይ ይለጠፋል። ቀንሺውና የጎደለውን ከባሕር አረም በሚወጣው ማርጊያ፣ በካፓ ካራጂናን፣ ሙዪው። ካራጂናን ሲበርድ ይረጋል፣ ሲሞቅ መልሶ ይፈስሳል። አጋር የሚባለውን ሌላ የባሕር አረም ማርጊያ ብዙ ሰው ይመክራል፤ ለመቆራረጥ ጥሩ ነው። ግን አጋር መልሶ እስኪቀልጥ 85 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ለሚቀልጥ ቺዝ አይሆንሽም።

አንድ የተደበቀ ስህተትም ልጠቁምሽ። የሚያጎመዝዘውን አሲድ መቼ ነው የጨመርሽው? መጀመሪያ ላይ ከሆነ ስትቀቅዪው አሲዱ ስታርቹን ቆራርጦታል። ስታርቹ በደንብ እስኪበስል ድረስ እስከ 85 ዲግሪ አድርሺው፣ ዘይቱን አዋህጂ፣ አሲዱን መጨረሻ ላይ ጨምሪ። ከዚያ ሳትነኪው ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ይደር። ስታርች የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ቆርጠሽ አይተሽ ተስፋ አትቁረጪ።

ይህን ሁሉ አስተካክለሽም አንድ ነገር አታገኚም። ምድጃ ውስጥ ቡኒ አይልም። መጥቆር ፕሮቲንና ስኳር ሲገናኙ የሚመጣ ነው፤ እዚህ ፕሮቲን የለም። ትንሽ የአተር ፕሮቲንና ግሉኮስ ብትጨምሪ ይረዳል። አተሩ ግን የራሱን ሽታ ይዞ ይመጣል፤ ጥሬ ባቄላ ወይም የታጨደ ሣር የሚሸተው። የሽታው ዋና ምንጭ ሄክሳናል የሚባል ነገር ነው። የእህሉ የራሱ ኢንዛይም ስቡን ሲያበላሸው ይወጣል።

እኔም በዚህ መንገድ ሄጃለሁ። ወጣት ሳለሁ በአንድ ኩባንያ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ የስታርች ቺዝ ስቀምር ኖሬአለሁ። ያኔ ኩራቴ ክሩ ነበር፤ ስንት ሴንቲ ተሳበ እያልን በማስመሪያ እንለካ ነበር። አንድ ቀን ለቀማሾች አቀረብን። አንዲት ሴትዮ በደንብ አኘከችና «ሻማ ነው» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ልክ ነበረች፤ የኮኮናት ዘይት አፍ ውስጥ የሚያደርገው ያንን ነው።

ሳይንሱ ቆሟል ማለቴ አይደለም። በካናዳ ጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ የአሌሃንድሮ ማራንጎኒ ቡድን ዜይን በሚባል የበቆሎ ፕሮቲን ላይ ሲሠራ ቆይቷል። ዜይን ከሌሎቹ የዕፅዋት ፕሮቲኖች ይለያል፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ይሳባልም። ሌላው መንገድ የወተቱን ፕሮቲን ያለ ላም ማምረት ነው። የፕሮቲኑን ዘረ መል ለእርሾ ወይም ለሻጋታ ይሰጡትና በትልቅ በርሜል ውስጥ ያብላሉታል። ፐርፌክት ዴይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የአጓት ፕሮቲን በዚህ መንገድ ሠርቶ በ2019 አይስክሬም አድርጎ ሸጧል። ኒው ካልቸር የሚባለው ኩባንያ ደግሞ ኬሲን ላይ ሠርቷል። ኬሲኑ የባሰ ከባድ ነው። አራት ዓይነት ነው፣ ፎስፌቱ በትክክለኛው ቦታ መያያዝ አለበት፣ ከዚያም ድቡልቡሉ መገንባት አለበት። «በላብራቶሪ የተሠራ» ብለሽ ፊትሽን ከማጥቆርሽ በፊት ግን ሬኔትሽን እዪው። በዚሁ ዘዴ የተሠራ ካይሞሲን (የሬኔት ዋናው ኢንዛይም) አሜሪካ ውስጥ ከ1990 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ዛሬ እዚያ አብዛኛው ቺዝ የሚረጋው በእሱ ነው። ያም ሆኖ ይህ መንገድ ለአንቺ አይደለም። ለባለ ትልቅ በርሜል ነው። የወተት አለርጂ ላለበት ሰውም አይሆንም፤ ፕሮቲኑ ያው የወተት ፕሮቲን ነውና።

እንግዲህ ካሹ ይቀራል። ካሹሽን በጣም ፈጥነሽ የተውሽው ይመስለኛል።

የስታርች ቺዝ የሚሠራው በፋብሪካ ነው። እዚያ ገብተሽ ከእነ ቫዮላይፍ ጋር በዋጋ ልትወዳደሪ ነው? አይሆንም። አንቺ ያለሽ፣ እነሱ የሌላቸው ነገር እርሾ ማሳደር፣ ሻጋታ መንከባከብ፣ ማስቀመጫ ክፍል መጠበቅና በአፍንጫሽ ማወቅ ነው። የስታርች ቺዝ አይበስልም፣ አያረጅም፤ ሻጋታው የሚበላው ፕሮቲን የለውማ። ቺዝን ቺዝ የሚያደርገው ጣዕም አብዛኛው የሚመጣው ፕሮቲን ሲቆራረጥ ነው። ካሹ ግን 18 በመቶ ያህል ፕሮቲን፣ ከ40 በመቶ በላይ ስብና የራሱ ስታርች አለው። እርሾና ሻጋታ የሚሠራበት ነገር ያገኛል።

ከልምድ ጥቂት ነገር ላካፍልሽ። የለመድሽው እርሾ ላክቶስ፣ የወተትን ስኳር፣ የለመደ ነው። ካሹ ውስጥ ላክቶስ የለም፤ ያለው ሱክሮስ፣ ተራው ስኳር፣ ነው። ብዙ የወተት ባክቴሪያ ሱክሮስ ላይ ይለግማል። እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ ጠብቀሽ ጠዋት ፒኤቹን ስትለኪ ምንም ያልወረደው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ከመቶ አንድ ያህል ግሉኮስ ጨምሪለት። እርሾውም የወተት ተዋጽኦ ሳይነካው ያደገ መሆኑን አቅራቢሽን ጠይቂ። ነጭ ሻጋታ በካሹ ላይ ጥሩ ይወጣል። ሰማያዊውን ከሞከርሽ ኮኮናት ዘይት አታብዢበት። ሻጋታው ዘይቱን ሲሰብረው ሎሪክ አሲድ ይወጣል፤ ሎሪክ ደግሞ የሳሙና ጣዕም አለው። የቀማሽ ፊት ሲጨማደድ ታዪዋለሽ።

ይቻላል ወይ ካልሽ፣ ይቻላል። በ2024 ጉድ ፉድ አዋርድስ በሚባለው የአሜሪካ ውድድር ክላይማክስ የተባለ ኩባንያ ከዕፅዋት የሠራው ሰማያዊ ቺዝ፣ ምርቶቹ ስማቸው ተሸፍኖ በተቀመሱበት ዙር፣ ከወተቶቹ ቺዞች ጋር ተሰልፎ ለመጨረሻው ደረጃ አለፈ። ከሽልማቱ ሥነ ሥርዓት በፊት ግን ከውድድሩ ተሰረዘ። ብዙ ጭቅጭቅ ተነሣ። እኔን የገረመኝ መሰረዙ አይደለም፤ ማለፉ ነው።

አሁን ስለሚያስፈራው ነገር። ይህን ክፍል ሁለቴ አንብቢው።

ካሹና አልሞንድ ሳልሞኔላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሙቅ ክፍል ውስጥ ውሃ ላይ ዘፍዝፈሽ ማሳደር ባክቴሪያውን መቀለብ ነው። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በካሹ የተሠራ ብሪ (ለስላሳ፣ ነጭ ሻጋታ ያለው ቺዝ) ሰዎችን በሳልሞኔላ አሳመመ። በ2022 ፈረንሳይ ውስጥ ከአልሞንድ የተሠራ የቺዝ ተተኪ ሊስቴሪያ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ አስከትሎ 4 ነፍሰ ጡሮች ያለጊዜያቸው ወለዱ። በ2024 ካናዳ ውስጥ ፍሪጅ ውስጥ ከሚቀመጡ የዕፅዋት ወተቶች በመጣ ሊስቴሪያ 20 ሰው ታመመ፣ 3 ሰው ሞተ። «ዕፅዋት ስለሆነ ንጹሕ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ይህን ንገሪው።

ስለዚህ ፍሬውን ከመፍጨትሽ በፊት በፈላ ውሃ ወይም በእንፋሎት ምቺው። ከተፈጨ በኋላ ማሞቅ ብቻውን አይበቃም፤ ወፍራም ሊጥ ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚያሳልፈው፣ ስቡም ባክቴሪያውን ይሸሽገዋል። የሚዘፈዘፈው ፍሪጅ ውስጥ ይሁን። ፒኤቹ ከ4.6 በታች በፍጥነት መውረዱን በመለኪያ አረጋግጪ፤ በምላስ አይሆንም። የሙቀቱንም ሥራ አንዴ በላብራቶሪ አስፈትሺው። ወጪ ነው፣ አውቃለሁ።

ሌላው አደጋ አንቺው ቤት ያለ ነው። በአንድ ክፍል፣ በአንድ ማማሰያ፣ በአንድ ጨርቅ የላም ወተትም ካሹም ብትሠሪ ካሹው ላይ ወተት ይቀራል። ወተት ላለመብላት ለወሰነ ሰው ይህ ቅር የሚያሰኝ ነገር ነው። የወተት አለርጂ ላለበት ልጅ ግን ገዳይ ሊሆን ይችላል። ዕቃውን ለይ፣ ቀኑን ለይ፣ ከተቻለ ክፍሉንም ለይ። ካልቻልሽ ማሸጊያው ላይ በግልጽ ጻፊ፤ አለርጂ ላለበትም አትሽጪ። ካሹ ራሱ አለርጂ መሆኑንም አትርሺ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ጥያቄ አለ። እነዚህ «የዕፅዋት የለሽም ወይ» የሚሉሽ ሰዎች እነማን ናቸው? ጠይቀሻቸዋል? ወተት ሆዴን ይነፋኛል የሚሉ ከሆኑ አዲስ ምርት ላያስፈልጋቸው ይችላል። ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው ካደገ በኋላ ላክቶስን በደንብ አይፈጭም። ግን ላክቶሱ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይወጣል፤ የቀረውን ባክቴሪያው ይጨርሰዋል። ለወራት ያረጀ ጠንካራ ቺዝ ላክቶስ የለውም ማለት ይቻላል። ቆርሰሽ ብታቀምሻቸው ዛሬውኑ ደንበኛ ታገኚያለሽ። አለርጂ ያለባቸው፣ በእምነት ወይም በሕሊና ምክንያት የእንስሳ ተዋጽኦ የማይበሉ ደግሞ ሌላ ናቸው። የምድጃ ቺዝ የሚፈልጉና ዳቦ ላይ የሚቀቡት የሚፈልጉም ይለያያሉ።

ጤናማ ነው ወይ ብለው ይጠይቁሻል። ቀጥ ብለሽ መልሺ። 100 ግራም ቼዳር 25 ግራም ያህል ፕሮቲንና 700 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም አለው። የስታርችና የኮኮናት ቺዝ ፕሮቲኑ ዜሮ ወይም አንድ ግራም ነው። የጠገበ ስቡ ግን እንደ ላሙ ቺዝ ነው፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ካልሲየም ካልተጨመረበት የለውም። የካሹው በፕሮቲን ይሻላል፤ በካልሲየም ግን ያው ደካማ ነው። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚንም ካልተጨመረበት ሁለቱም ውስጥ የለም። መጠጦቹን ልሽጥ ካልሽ ደግሞ በፕሮቲን ለላም ወተት የሚቀርበው የአኩሪ አተሩ ነው፤ የሩዝና የአልሞንዱ ውሃ ያህል ነው። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን በእናት ጡት ወተት ወይም በሕፃናት ወተት ፈንታ አንዳቸውም አይሰጡም። ይህን እናቶች ሲጠይቁሽ ሳትነግሪያቸው እንዳታልፊ።

ለአካባቢ ይሻላል የሚለው በጥቅሉ እውነት ነው። ምክንያቱን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ለአንድ ኪሎ ጠንካራ ቺዝ 10 ሊትር ያህል ወተት ይገባል። ፑርና ኔሜቼክ በ2018 ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ትልቅ ጥናት፣ በዓለም አማካይ አንድ ሊትር የላም ወተት 3 ኪሎ ገደማ የሙቀት አማቂ ጋዝ ያስከትላል። የአጃና የአኩሪ አተሩ 1 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ አማካይ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም። ያልለካሽውን ቁጥር ማሸጊያሽ ላይ አትለጥፊ።

አሁን ወደዚያ «አፌ አልደፈረም» ወዳልሽው። እንደ ዋዛ ጣል አደረግሽው እንጂ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ቶፉታውን በተባለው የጀርመን ኩባንያ ጉዳይ በ2017 ፈረደ። «ወተት»፣ «ቅቤ»፣ «ቺዝ» የሚሉት ስሞች ለእንስሳ ወተት ብቻ ናቸው፤ «የቶፉ» ወይም «የዕፅዋት» ብሎ መጨመርም አያድንም አለ። ለዚህ ነው እዚያ ካርቶኑ ላይ «የአጃ መጠጥ» የሚባለው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሚዮኮስ የተባለው ኩባንያ «ቅቤ» የሚለውን ስም እንዲያነሣ የካሊፎርኒያ ግዛት ሲያዝዘው ከሰሰ፤ በ2021 ፈረዱለት። ሁለት ቦታ፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ። ያለሽበትን ሕግ ማሸጊያ ከማሳተምሽ በፊት አጣሪ።

ሕጉ ቢፈቅድልሽም እኔ «ቺዝ» የሚለውን ፊት ለፊት አልጽፈውም ነበር። ያንን ቃል ያነበበ ሰው ቼዳር ይጠብቃል። የጠበቀውን ካላገኘ ደግሞ አይመለስም፤ ያልኩሽ የተመላላሽ ችግር እዚህ ላይ ይጀምራል። «የተብላላ ካሹ» ብለሽ ብትሸጪው ያው ምርት ያስደስተዋል። ምክንያቱም የሚያወዳድርበት የለውም። አፍሽ አለመድፈሩ ጥሩ ነጋዴ ስለሆንሽ ነው።

ስለዚህ በየት ልግባ ላልሽው የእኔ ምክር ይህ ነው። የሚቀልጠውን ተዪው። ፒዛ ጠያቂ ከመጣ ከፋብሪካ የተሠራውን ግዛ በይው፣ ወይም የለኝም በይ። አንድ ምርት ብቻ ያዢ፤ ለስላሳ፣ የሚቀባ፣ በእርሾ የጎመዘዘ። ሻጋታ ያለውን ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ታስቢበታለሽ። ሒሳቡ ከምትገምቺው ይሻላል። ካሹ ውድ ነው፤ ነገር ግን እንደ ወተቱ አጓት ሆኖ የሚፈስስ ነገር ብዙ የለውም። የምርቱ እርጥበት ግማሽ ያህል ከሆነ አንድ ኪሎ ካሹ ሁለት ኪሎ ገደማ ይወጣዋል። ዋጋው አሁንም ከከበደሽ ከፊሉን በሱፍ ፍሬ ተኪው። ቀለሙ ትንሽ ይጠቁራል፣ ጣዕሙ ግን አይከፋም።

አዲስ ማሽን አትግዢ። ለሁለት ወር በትንሹ ሽጪ፤ ማን እንደገዛ ጻፊ፣ ማን እንደተመለሰ ደግሞ ከጎኑ ጻፊ። የመጀመሪያው ሳምንት ሽያጭ አያታልልሽ፤ የማወቅ ጉጉት ነው። እኔ የማየው ስድስተኛውን ሳምንት ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ስትሠሪ ፒኤቹን በየሁለት ሰዓቱ፣ የክፍሉን ሙቀትም ከጎኑ መዝግቢና ላኪልኝ። በስምንት ሰዓት ውስጥ ከ5 በታች ካልወረደ ጣዕሙን አትቅመሺው፤ ጣዪውና እርሾውን ለውጪ።